ሩብ ላይ የቆመች መርፌ፦ የአንዲት መኪና የነዳጅ ጌጅ ብልሽት የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ቤንዚን በሚሰጣት፣ 50 ሊትር የሚይዝ ታንክ ባላት አንዲት የቤት መኪና ላይ ያጋጠመኝን የነዳጅ ጌጅ ብልሽት ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይተርካል። ባለመኪናዋ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ሲሆኑ፣ ወደ እኔ የመጡት በአራት ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ነዳጅ አልቆባቸው ከቆሙ በኋላ ነበር። በሁለቱም ጊዜ መርፌዋ ሩብን አልፋ ትታይ እንደነበር አጥብቀው ተናገሩ። ችግሩ ግን ይህ ብቻ አልነበረም፤ ምንም ነዳጅ ሳይጨምሩ ጠዋት ግማሽ ያሳየችው መርፌ ከሰዓት በኋላ ሩብ ላይ ትገኛለች፣ በማግስቱ ደግሞ ተመልሳ ወደ ግማሽ ትጠጋለች። «ልጄ፣ ሁልጊዜ ቢዋሽ እኮ ውሸቱን እለምደው ነበር፤ አንድ ቀን እውነት፣ አንድ ቀን ውሸት ሲናገር ነው የቸገረኝ» ያሉኝ ነገር፣ በኋላ እንደታየው፣ ከማንኛውም የመሣሪያ ንባብ በፊት የብልሽቱን ጠባይ በትክክል የገለጸ አነጋገር ነበር።

መኪናዋ በእኔ እጅ ከመግባቷ በፊት ሌላ ባለሙያ ጋር ሁለት ጊዜ ቀርባለች። በመጀመሪያው ጊዜ ጌጁ ተበላሽቷል ተብሎ የዳሽቦርዱ የጌጆች ሰሌዳ በሙሉ ከሌላ ተመሳሳይ መኪና በወጣ ያገለገለ ሰሌዳ ተተካ። ለውጥ ባለመታየቱ በሁለተኛው ጊዜ ታንኩ ተከፍቶ «ሴንሰሩ ተስተካከለ» የሚል መልስ ተሰጣቸው። ምን እንደተስተካከለ ባለመኪናዋ አልጠየቁም፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን ጠልቄ ባለመጠየቄ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

የጌጁ አሠራር

በዚህች መኪና ታንክ ውስጥ፣ ከክዳኑ በተንጠለጠለ ክፈፍ ላይ፣ አንድ ተንሳፋፊ በቀጭን የሽቦ ክንድ ጫፍ ታስሮ ከነዳጁ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በክንዱ ሌላኛው ጫፍ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚገታ ጠባብ መስመር ላይ ትንሸራተታለች፤ ምላሷ በቆመችበት ቦታ መጠን የሴንሰሩ፣ ማለትም የዚህ ዕቃ በሙሉ፣ ሬዚስታንስ (በኦም የሚለካው ፍሰትን የመግታት መጠን) ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት ሴንሰር ታንኩ ሙሉ ሲሆን ሬዚስታንሱ ወደ 3 ኦም፣ ግማሽ ሲሆን ወደ 32.5 ኦም፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ወደ 110 ኦም ነው። ኤሌክትሪኩ ከቁልፉ በፊውዝ በኩል ወደ ጌጁ ይመጣል፣ ጌጁን አልፎ በአንዲት ረጅም ሽቦ ወደ ሴንሰሩ ይወርዳል፣ ከሴንሰሩም በማሳ ሽቦ፣ ማለትም በመመለሻው ሽቦ፣ ወደ መኪናዋ አካል ገብቶ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። ጌጁ የሚለካው በእርሱ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) እንጂ ነዳጅን አይደለም፤ ከረንቱ ሲበዛ መርፌዋ ወደ ሙሉ፣ ሲያንስ ወደ ባዶ ትሄዳለች።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ሽቦው የትም ቦታ ቢቆረጥ መርፌዋ ባዶ ላይ ትወድቃለች፤ ሽቦው ተልጦ የመኪናዋን አካል ቢነካ ደግሞ መርፌዋ ሙሉ ላይ ትጣበቃለች። ይህ ግን ለሁሉም መኪና አይሠራም። ባዶ ሲሆን 0 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 90 ኦም የሚሰጡ ሴንሰሮች ያሏቸው መኪኖች አሉ፤ ለብቻቸው ተገዝተው የሚገጠሙ ብዙ ጌጆች ደግሞ ባዶን በ240፣ ሙሉን በ33 ኦም ያነባሉ። በ0 እና በ90 መካከል የሚሠራ ጌጅ ሽቦው ሲነቀል መርፌውን ከሙሉ በላይ ይወረውራል። ይህን ሳያጣራ መኪና የሚፈትን ሰው ጤነኛውን በሽተኛ፣ በሽተኛውን ጤነኛ ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ ከሌላ መኪና የመጣ ሰሌዳ በተገጠመባት በዚህች መኪና ላይም የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ያረፈው በዚሁ ላይ ነበር።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ የነዳጅ ማስጠንቀቂያ መብራት በዚህች መኪና ከተንሳፋፊው ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። በታንኩ ታችኛው ክፍል ሙቀት ሲነካው ሬዚስታንሱ የሚቀንስ አንድ ትንሽ አካል ተቀምጧል፤ በነዳጅ ውስጥ እስካለ ድረስ ነዳጁ ያቀዘቅዘዋል፣ ነዳጁ ወርዶ ሲጋለጥ ግን በውስጡ በሚያልፈው ከረንት ራሱ ይሞቅና መብራቷን ያበራል። ስለዚህ መርፌዋና መብራቷ ስለ አንድ ታንክ የሚመሰክሩ ሁለት የተለያዩ ምስክሮች ናቸው። በዚህ ጉዳይ ውሳኔ ያሰጠችውም ይህች መብራት ናት፤ እኔ ግን ዘግይቼ ነው የሰማኋት።

የመጀመሪያው ቀን፦ ሁሉም ነገር ጤነኛ የመሰለበት ምርመራ

መኪናዋ ስትመጣ በታንኩ ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ባለመኪናዋ ከቆሙ በኋላ በተለያየ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ጨምረው ነድተዋታል። ቁልፉን ከፍቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ስመለከት መርፌዋ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብላ ቆመች፤ ሩብ ሰዓት ያህል ብጠብቅም አልተነቃነቀችም።

ጥርጣሬዬ በተተካው ሰሌዳ ላይ ስለነበር ምርመራውን ከዚያ ጀመርኩ። የኋላውን ወንበር አንስቼ በታንኩ ክዳን ላይ ያለውን ሶኬት ነቀልኩ፤ መርፌዋ እንደሚጠበቀው ቀስ ብላ ባዶ ላይ ወረደች። ከዚያ በሶኬቱ ሁለት ጫፎች መካከል ኦማቸው የታወቀ ሬዚስተሮችን (ፍሰትን የሚገቱ ትንንሽ ዕቃዎችን) ተራ በተራ አስገባሁ። በ33 ኦም መርፌዋ ልክ ግማሽ ላይ፣ በ100 ኦም ከባዶው መስመር ጥቂት ከፍ ብላ፣ በ3.3 ኦም ደግሞ ሙሉ ላይ ቆመች። ሬዚስተር የሌለው ሰው 3.4 ዋት የሆነች አነስተኛ አምፖል በሁለቱ ጫፎች መካከል ቢያስገባ አምፖሏ በርታ መርፌዋ ወደ ሙሉ ስትንቀሳቀስ ማየት ይችላል። ሽቦውን በቀጥታ ከመኪናዋ አካል ጋር አገናኝቶ ማቆየት ግን በሙቀት የሚሠሩ አሮጌ ጌጆችን ያቃጥላል፤ ለአፍታ ነው ተብሎም ቢሆን እኔ አላደርገውም።

እንዲህ ሆኖ ከሌላ መኪና የመጣው ሰሌዳ ነጻ ወጣ። ሽቦውም ጤነኛ መሆኑ በዚሁ ተረጋገጠ፤ ከታንኩ ክዳን እስከ ዳሽቦርዱ ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ በዚህ ሙከራ ውስጥ ነበረና። ቀጥዬ ሴንሰሩን ለካሁ፤ 47 ኦም አነበበ። 47 ኦም ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ያለ መጠን ስለሆነ ከመርፌዋ ጋር ፍጹም ተስማማ። የማሳ ሽቦውን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በኦም ስለካው ደግሞ 0.7 አነበበ፤ ከዚህ ውስጥ 0.3 የሚሆነው የቴስተሩ (የመለኪያ መሣሪያው) የራሱ ገመዶች ሬዚስታንስ ነው። በ110 ኦም ልኬት ላይ ግማሽ ኦም የማይሞላ ነገር ምን ያመጣል ብዬ አለፍኩት።

በዚያ ቀን ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። አንደኛው፣ ሴንሰሩና መርፌዋ መስማማታቸውን ትክክል ከመሆናቸው ጋር ማምታታቴ ነው፤ ሁለቱም በአንድነት ስለ ነዳጁ የተሳሳተ ነገር ሊናገሩ እንደሚችሉ ልብ አላልኩም። ሁለተኛው፣ በማሳ ሽቦው ውስጥ ከረንት ሳያልፍ መለካቴ ነው። ለባለመኪናዋም «ብልሽቱ ሲታይ ይዘዋት ይምጡ» ብዬ ሸኘኋቸው። ሊሄዱ ሞተሩን ሲያስነሱ ግን በመስኮቱ በኩል ዓይኔ ጌጁ ላይ ነበር፤ መርፌዋ በአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ከግማሽ አጠገብ ወደ ሩብ ስትንሸራተት አየኋት። መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ ተመለሰች።

ሞተር ሲነሳ የምትወርድ መርፌ

ሞተር ሲነሳ ዲናሞው መሥራት ስለሚጀምር የመኪናዋ ቮልቴጅ ከ12.5 አካባቢ ወደ 14 ገደማ ከፍ ይላል። የጌጆቹን ቮልቴጅ የሚያረጋጋው ክፍል ቢበላሽ እንኳ መርፌዋ ከፍ ትል ነበር እንጂ አትወርድም። ታዲያ ሞተር ሲነሳ የሚጀምርና የመርፌዋን ከረንት የሚቀንስ ነገር ምንድን ነው? መልሱን ያገኘሁት በአመክንዮ ሳይሆን ከኋላ ወንበር በታች ያለው ድምፅ ስለተሰማኝ ነው፤ የነዳጁ ፓምፕ ነበር። ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሠርቶ ይቆማል፤ ያለማቋረጥ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። ፓምፑና ሴንሰሩ በአንድ ክዳን ላይ የተሰቀሉ ሲሆኑ የሁለቱም የማሳ ሽቦ በአንድነት ወጥቶ በአንድ ቡሎን ከመኪናዋ አካል ጋር ይታሰራል።

ቴስተሩን ወደ ቮልት አዙሬ ጥቁሩን ገመድ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ደግሞ በክዳኑ ሶኬት ጀርባ በኩል በማሳ ሽቦው ላይ አሳረፍኩ። ቁልፉ ተከፍቶ ፓምፑ በቆመበት ጊዜ ንባቡ 0.04 ቮልት ነበር፤ ይህ ለማንም ሰው ፍጹም ጤነኛ የሚመስል ቁጥር ነው። ሞተሩ ሲነሳ ንባቡ ወደ 2.1 ቮልት ዘለለ። ጤነኛ የማሳ ግንኙነት ሙሉ ሥራ ላይ እያለ ከ0.1 ወይም ከ0.2 ቮልት በላይ ሊያሳይ አይገባውም። ፓምፑ የሚወስደው ከረንት ሲለካ 5 አምፔር ሆነ፤ 2.1ን ለ5 ስናካፍል 0.42 ኦም ይመጣል። ይህ ልክ በመጀመሪያው ቀን አይቼ የናቅኩት ግማሽ ኦም የማይሞላ ነገር ነው።

ሴንሰሩ ብቻውን የሚያሳልፈው ከረንት ከአንድ አምፔር አሥረኛ የማይበልጥ ስለሆነ በ0.42 ኦም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይታይም። የፓምፑ 5 አምፔር ግን በዚያው ጠባብ በር ሲያልፍ የሴንሰሩን ማሳ ከእውነተኛው ማሳ 2.1 ቮልት ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ለጌጁ የቀረው ቮልቴጅ በዚያው መጠን ያንሳል፣ ከረንቱም ይቀንሳል፣ መርፌዋም ነዳጅ የጎደለ ይመስል ትወርዳለች። ፓምፑ ራሱም የጉዳቱ ተካፋይ ነው፤ ሊያገኝ ከሚገባው ቮልቴጅ 2.1 ተቀንሶበታል። ባለመኪናዋን ዳገት ላይ ጉልበት ታንሳለች ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ታንሳለች፤ ግን አርጅታ ነው ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት» አሉ።

ወደ ቡሎኑ ከመሄዴ በፊት ፍሬን አስረገጥኩ፣ የኋላ መብራቶችንም አስበራሁ። መርፌዋም ሆነች የቴስተሩ ንባብ አልተነቃነቁም። በአንዳንድ መኪኖች የሴንሰሩ ማሳ ከኋላ መብራቶች ማሳ ጋር ስለሚጋራ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር መርፌዋ ትወርዳለች፤ እዚህ ግን የመብራቶቹ ማሳ ሌላ ቦታ መሆኑ ታወቀና ፍለጋው ወደ አንዲት ቡሎን ጠበበ።

ቡሎኗ የተገኘችው በኋላ ወንበሩ ግራ ጎን፣ ከምንጣፉ ሥር ነው። ለዓይን ንጹሕ ነበረች፤ ዝገት አይታይባትም፣ ሽቦዋም አልላላም። ስትፈታ ግን ከሽቦው ጫፍ ቀለበት ሥር የመኪናዋ ቀለም ሳይነካ፣ እንደተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ሆኖ ተገኘ። ሽቦው የታሰረው በቀለም ላይ ነበር ማለት ነው። ከረንቱ ሁሉ ሲያልፍ የኖረው በቡሎኗ ጥርሶች በኩል ብቻ ሲሆን፣ ጥርሶቹም በእርጥበት ቡናማ ዝገት ይዘዋል። ባለመኪናዋ ያኔ ነው ያስታወሱት፤ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት መኪናዋ ከኋላ ተገጭታ የግራው ጎን ተቀጥቅጦ ተስተካክሎ እንደገና ተቀብቷል። ጌጁ መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ ማንበብ የጀመረው ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ ነበር። የጊዜው ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው ቢነገረኝ ኖሮ በቀጥታ ወደዚያ ጎን እሄድ ነበር፤ ሆኖም አንድ ሰው የግጭት ጥገናን ከነዳጅ ጌጅ ጋር አያይዞ እንዲናገር መጠበቅ ተገቢ አይደለም፣ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በጥርስ የሚያልፍ ግንኙነት በመኪናዋ ንዝረት፣ በሙቀትና በእርጥበት ይለዋወጣል። ሽቦውን በእጄ ሳነቃንቅ የቴስተሩ ንባብ ከ0.3 እስከ 2.6 ቮልት ሲዋዥቅ አይቻለሁ። «አንድ ቀን እውነት፣ አንድ ቀን ውሸት» የተባለው ይህ ነበር።

ቀለሙን እስከ ነጩ ብረት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ የሽቦውን ቀለበት አጸዳሁ፣ ቡሎኗን በአዲስ ተካሁ፣ ብረቱን ነክሶ የሚይዝ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ጨምሬ አጥብቄ አሰርኩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ግንኙነቱን ከላይ በግሪስ ሸፈንኩት። ሞተሩ እየሠራ ንባቡ 0.05 ቮልት ሆነ። መርፌዋ ሞተር ቢነሳም ቢጠፋም ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብላ ጸንታ ቆመች።

የቢጫዋ መብራት ምስክርነት

ጉዳዩ አለቀ ብዬ ሂሳብ ልዘጋ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን ለማስረከብ ወስጄ ጥቂት ስነዳት ግን፣ መርፌዋ ከሲሶ በላይ እያሳየች ቢጫዋ መብራት በራች። ባለመኪናዋን ስጠይቃቸው በሁለቱም ጊዜ ከመቆማቸው በፊት መብራቷ በርታ እንደነበረ፣ ነገር ግን መርፌዋ ገና ነዳጅ አለ ስትል የተበላሸችው መብራቷ ናት ብለው እንደናቋት ነገሩኝ። ለመርፌ ማድላት የተለመደ ነው፤ መርፌ መጠን የምታውቅ ትመስላለች፣ መብራት ግን «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ትላለች። በዚህች መኪና ግን ተንሳፋፊ፣ ክንድ፣ ምላስና መስመር የሌላት፣ የሚታጠፍም የሚላላም ነገር የሌላት መብራቷ ናት።

ሁለቱ ምስክሮች ከተጣሉ ዳኛው ሊትር ነው። ታንኩን በእጅ ፓምፕ በጀሪካን ባዶ አደረግኩት፤ የወጣው ከ7 ሊትር ጥቂት ያነሰ ነበር። 7 ሊትር በ50 ሊትር ታንክ ውስጥ ከሩብ እንኳ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ መብራቷ ትክክል፣ መርፌዋ ስህተት ነበረች፤ ማሳውን ማስተካከሌም ጌጁን እውነተኛ ከማድረግ ይልቅ ያለማቋረጥ እንዲዋሽ አድርጎታል።

ሴንሰሩን ለማውጣት መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀልኩ፣ የነዳጁን መስመር ግፊት አስወጣሁ፣ በሮቹን ሁሉ ከፈትኩ፣ ሥራውንም ከጉድጓድ ርቄ በገላጣ ቦታ ላይ አደረግኩ። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ከአየር ጋር ሲደባለቅም ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ባለው መጠን ይቀጣጠላል። ከክዳኑ ዙሪያ ያለውን አቧራ ሳይጠርጉ መክፈትም አይገባም፤ የሚወድቀው ሁሉ ታንኩ ውስጥ ገብቶ ፓምፑ አፍ ላይ ይሰበሰባል።

ሴንሰሩ ሲወጣ ምክንያቱ በግልጽ ታየ። የተንሳፋፊው ክንድ በመካከሉ ላይ ወደ ታች ታጥፏል፤ በመታጠፊያው በሁለቱም በኩል የፒንሳ ጥርስ ምልክት አለ። «ተስተካከለ» የተባለው ይህ ነበር። ክንዱ ወደ ታች ሲታጠፍ ተንሳፋፊው ከወትሮው ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ስለዚህ በዚያው የነዳጅ ከፍታ ላይ ክንዱ ከሥሩ ይበልጥ ይነሣና ሴንሰሩ ከእውነቱ የበለጠ ነዳጅ ያነባል። ነዳጁ ሲያልቅ ደግሞ ምላሷ ባዶ ጫፍ ላይ ሳትደርስ ተንሳፋፊው የታንኩን ወለል ይነካል። ክንዱን እንደታጠፈ ተንሳፋፊው ወለል በሚነካበት ልክ ይዤ ስለካው 58 ኦም ሰጠ፤ ባዶ ግን 110 መሆን ነበረበት። በመሆኑም ይህች መርፌ ታንኩ ደርቆ እንኳ ከሩብ በታች ልትወርድ አትችልም ነበር።

ክንዱን ያጠፈው ሰው ያለ ምክንያት አላጠፈውም። በዚያ ጊዜ የማሳው ብልሽት መርፌዋን ዝቅ ያደርጋት ስለነበር፣ ክንዱ ሲታጠፍ ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው መርፌዋ ትክክለኛ የመሰለ ነገር አሳየች። ማሳው መጥፎ በሆነበት ቀን ጌጁ «እውነት» ይናገራል፤ ማሳው በንዝረት በተሻለበት ቀን የታጠፈው ክንድ ብቻውን ይቀርና ጌጁ ያጋንናል፣ ባለመኪናዋም በዚያ ቀን መንገድ ላይ ይቀራሉ። ማለትም ጌጁ የሚዋሸው ከብልሽቶቹ አንዱ ሲሻል ነበር። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው የመኪና ብልሽቶች ይህን ያህል የተገላበጠ ጠባይ ያለው ብዙ አላጋጠመኝም።

መመለስና ማረጋገጥ

ክንዱን ከማቃናቴ በፊት የቀረውን መረመርኩ። ተንሳፋፊውን ጆሮዬ አጠገብ አነቃነቅኩት፤ በውስጡ የሚንቦጫቦጭ ነዳጅ አልነበረም። ክንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ እያንቀሳቀስኩ ስለካ ንባቡ ከ4 እስከ 109 ኦም ያለ መቋረጥ ሄደ። በዚህ ሙከራ ጊዜ ቁጥር ከሚያሳይ ቴስተር ይልቅ መርፌ ያለው አሮጌ ቴስተር ይሻላል፤ የተበላ ቦታ ሲያጋጥም መርፌው ብድግ ብሎ ሲመለስ ይታያል፣ ቁጥሩ ግን ሳይዘው ሊያልፍ ይችላል። ሴንሰሩ እንግዲህ ጤነኛ ነበር፤ መተካት አላስፈለገውም።

የታጠፈ ክንድን በዓይን ግምት ማቃናት የመጀመሪያውን ስህተት በሌላ ስህተት መተካት ነው። የአምራቹ የጥገና መመሪያ ክንዱ ሙሉና ባዶ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተንሳፋፊው ከክዳኑ ሥር በስንት ሚሊሜትር ርቀት ላይ መገኘት እንዳለበት ይገልጻል። በዚያ ስለካው ተንሳፋፊው 28 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። መታጠፊያውን ቀስ በቀስ እየለካሁ መለስኩት፤ ሽቦው ብዙ ጊዜ ከታጠፈ ስለሚሰበር በሦስት ሙከራ ጨረስኩ። ክዳኑን የገጠምኩት በአዲስ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው፤ አሮጌው አንዴ በቤንዚን ከረጠበ በኋላ አብጦ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ቢመለስም ተን ያስወጣል።

ከዚያ ባዶውን ታንክ በ5 ሊትር ልክ እየሞላሁ፣ ሞተሩንም እያስነሳሁ፣ እያንዳንዱን ንባብ ጻፍኩ። በ5 ሊትር መርፌዋ ባዶው መስመር ላይ ነበረች፣ መብራቷም በርታለች። በ10 ሊትር መብራቷ ጠፍታ ሴንሰሩ 86 ኦም አነበበ። በ25 ሊትር ንባቡ 34 ኦም ሆኖ መርፌዋ ከግማሹ በጣም ጥቂት ዝቅ ብላ ቆመች። ከ45 ሊትር በኋላ ሙሉ ላይ ደርሳ የቀረውን ሊትር ብጨምርም አልተነቃነቀችም። በጤነኛ ታንክም ቢሆን ከላይ ያለው የመጀመሪያው ግማሽ ዘልቆ የሚቆይ፣ የታችኛው ግማሽ ቶሎ የሚያልቅ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ተንሳፋፊው ከፍ ያለበት ጫፍ ከታንኩ ጣሪያ በታች ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለውን ነዳጅ መርፌዋ አታውቀውም።

ባለመኪናዋ መርፌዋን ለማመን ጊዜ እንደሚፈልጉ ስለገባኝ፣ መብራቷ እስክትበራ ነድተው በዚያው ቅጽበት ታንኩን እንዲሞሉና የገባውን ሊትር እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውለው መርፌዋ ከባዶው መስመር ትንሽ ከፍ ብላ ሳለ መብራቷ እንደበራችና 43 ሊትር እንደገባ ነገሩኝ። 43ና የመብራቷ 7 ሊትር ሲደመሩ 50 ይሆናሉ።

ሴንሰሩ ከዳሽቦርዱ ይልቅ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝባቸው አዳዲስ መኪኖች እንዲህ ያለው ብልሽት ከፒ0460 እስከ ፒ0463 ባሉት የስህተት ኮዶች ሊገለጽ ይችላል። ይሁን እንጂ እዚህ የታየው 2.1 ቮልት በእነዚያም ላይ ቢያጋጥም ንባቡን ከማዛባት አልፎ ኮድ ላያስነሣ ይችላል፤ ንባቡ ዞሮ ዞሮ ባዶና ሙሉ ተብለው በተቀመጡት ወሰኖች መካከል ስለሚወድቅ ኮምፒውተሩ ጥቂት ነዳጅ አለ ብሎ ብቻ ይቀበለዋል። ስለዚህ በእነዚያም ላይ ማሳውን ፓምፑ እየሠራ በቮልት መለካት አይቀርም።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው የጌጆች ሰሌዳ ተነቅሎ በፌስታል ተጠቅልሎ በኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቀምጧል። በሬዚስተሮቹ ስሞክረው በ33 ኦም ግማሽ፣ በ3.3 ኦም ሙሉ አሳየ፤ ምንም አልሆነም ነበር። ያገለገለው ሰሌዳ ሲገጠም የኪሎሜትር ቆጣሪውም አብሮ ስለተለወጠ መኪናዋ የተጓዘችው እውነተኛ ርቀት ከዳሽቦርዱ ጠፍቷል። ደግነቱ ባለመኪናዋ በሚተካበት ቀን የሁለቱንም ቁጥር ፌስታሉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈዋል፤ አሮጌው 187,430፣ የመጣው 96,210 ነበር። አሁን የመጣው 104,655 ስለሚል በእርሱ የተነዳው 8,445 ኪሎሜትር ነው። አሮጌውን ሰሌዳ ወደ ቦታው መለስኩና እውነተኛው ርቀት በዚያ ዕለት 195,875 እንደነበረ፣ ከእንግዲህም በቆጣሪው ላይ 8,445 መጨመር እንደሚያስፈልግ በመኪናዋ የጥገና ደብተር ላይ ጽፌ ባለመኪናዋ ፈረሙበት።